የአደን ቤቱ ተረካቢ

ጌሻ፣ ከደካ ከተማ በላይ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ በዛወርቅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጋሽ ኢሳያስስ እንዴት ነው? የእኔዋ ጉድስ? እንቁላሉን ከእንጀራው ለይተሽ ስጫት፤ ከተነካካ አፏን ዘግታ ነው የምትቀመጠው። ዮናታንም በሕይወት ሳለ እንደዚያው ነበር። የአባቷን ፊት ብቻ ሳይሆን አመሉንም ነው የወረሰችው።

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ። ተኝታ ሳለች ጥያት መውጣቴ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ነቅታ ቢሆን እግሬን ይዛ አትለቀኝም ነበር፤ እኔም እሷን ትቼ ከአርባ ምንጭ የምወጣበት አንጀት አይኖረኝም። የአምስት ዓመት ልጅ ይዤ ደግሞ ጫካ አልገባ። አስራ አምስት ቀን ነው ያልኩሽ፤ አስራ አምስት ቀን ነው።

በላክሽልኝ ወረቀት «የአደን ቤት ደግሞ ምንድነው፣ አውሬ የሚታሰርበት ነው?» ብለሻል። ሳቄ መጣ። ጌቶች ጎሽ ሊገድሉ ሲወጡ የሚያርፉበት ቤት ነው። መጀመሪያ ድንኳን ይተክሉ ነበር አሉ። የዚህ አገር ዝናብ ድንኳን አልምር ሲላቸው የቀርከሃ ዳስ ሠሩ፣ በኋላም ይሄንን ቤት። ያሠሩት አንድ ደጃዝማች ናቸው፤ ስማቸውን ሰነድ ላይ አላገኘሁም፣ እዚህ ሰው ሁሉ «ጌታዬ» ብቻ ነው የሚላቸው።

ብታይው ትደነግጫለሽ። እርጥበት እንዳይበላው ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በድንጋይ እግሮች ላይ ቆሟል። ወለሉ ዋንዛ ነው፤ አንድ ሚስማር የለበትም፣ ሳንቃው እርስ በርሱ ተቆላልፎ ነው የተያያዘው። በረንዳው ሦስቱን ጎን ይዞራል። አዳራሹ ውስጥ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ የእሳት ማሞቂያ አለ፤ አንቺ ሳትጎነብሺ ትቆሚበታለሽ። ግድግዳው ላይ ሁለት የጎሽ ራስና አስራ አንድ የድኩላ ቀንድ ተሰቅሏል። መስኮቶቹ ብቻ አልተመቹኝም። ጠባብ ሆነው ከፍ ብለው ነው የተሠሩት፤ ወንበር ላይ ከተቀመጥሽ የምታይው ሰማይ ብቻ ነው። ጌቶቹ ቀኑን ሙሉ ጫካ ሲያዩ ውለው ማታ ደግሞ ማየት አይፈልጉም ነበር አሉ። ጥጋብ!

የእኔ ሥራ ይሄንን ሁሉ ለክቶ መሳል ነው፤ የምሠራበት የቦንጋው ቢሮ በቅርስነት ሊያስመዘግበው ነው። አንድ ነገር ግን አልገጥም ብሎኛል። ከውጭ ስለካው ርዝመቱ አስራ ስምንት ሜትር ከአርባ ነው። የውስጥ ክፍሎቹን ከነግድግዳቸው ስደምር አስራ ስድስት ከሰባ። አንድ ሜትር ከሰባው የት ገባ? ሦስቴ ለካሁ። ጠባቂው ጋሽ ከፈለኝ፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፣ ሜትሬን ይዤ ስዞር ከበረንዳው በታች ቆመው ያዩኛል። ይግቡ ስላቸው አይገቡም።

እዚህ ኔትወርክ የለም። ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ ላይ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የቢሮው ሞተረኛ ዮሴፍ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል፤ ደብዳቤዬን ቦንጋ ወስዶ ለአርባ ምንጭ ሹፌሮች ይሰጥልኛል። ልጄን ሳሚልኝ፤ ጉንጯን ሳይሆን ግንባሯን፣ ጉንጯን ትጠርጋለች።

ታናሽሽ ሰብሌ

—

አርባ ምንጭ
ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ሰብሌ፣

በጌታ ስም ሰላም ልበልሽ። እኛ በቸርነቱ ደህና ነን። ሙቀቱ ብቻ ነው ያስቸገረን፤ ልጅሽ ሃሌሉያ በሲሚንቶው ላይ ካልተኛሁ ብላ ከኢሳያስ ጋር ስትጣላ ነው የምትውለው።

አስራ አምስት ቀን ያልሽው አርባ አለፈ። የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም፣ ልጅሽ ናት። ኢሳያስ እስከ ሃያ ድረስ አስተምሯት በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ትቆጥር ነበር። ሃያ ላይ ስትደርስ ከዚያ በላይ ስለማታውቅ ተወችው።

ያን ዕለት ኮረብታው ላይ ወጥተሽ ደውለሽ ካወራሽን በኋላ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ድምፅሽን ሰምታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አልሰጥም አለች፤ ከተዘጋ በኋላ እንኳ። ስለዚህ እህቴ፣ አትቀየሚኝና ለጊዜው አትደውዪ። ጻፊ፣ እኔ አነብላታለሁ። «ሸክም ሆንኩብሽ ወይ» ብለሽ የጠየቅሽው ግን አሳዝኖኛል። አስራ አራት ዓመት ሙሉ ለልጅ የጸለየች ሴት እንዲህ ተብላ ትጠየቃለች? ቤታችን እኮ ቤት ሆነ።

አንድ ይቅርታ አለኝ። ሳልጠይቅሽ እዚሁ ሰፈር ኬጂ አስገባናት። የእኩዮቿን ቦርሳ እያየች በር ላይ ስትቆም አንጀቴ አልችል አለ።

አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ለምንድነው የማትመጪው? አንቺ ስትደብቂ ደብዳቤሽ ይረዝማል፤ ስለ ወለልና ስለ መስኮት አራት ገጽ ጽፈሽልኛል።

እህትሽ በዛወርቅ

—

ጌሻ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ነቃሽብኝ። እሺ፣ እውነቱ ይኸው፤ ፈርሜያለሁ።

ጋሽ ከፈለኝ ይሄንን ቤት የያዙት በአስራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በ1966 ዓ.ም. ነው። ጌታዬ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቁልፉን ሰጥተዋቸው «እስክመለስ አደራ» አሏቸው። አልተመለሱም። በኋላ መንግሥት ቤቱን መዝግቦ እሳቸውንም በጥበቃነት ቀጠራቸው። ጡረታ መውጫቸው ካለፈ አስር ዓመት ሆነ፤ ግን ንብረቱን የሚረከባቸው ሰው ጠፋ። ሳያስረክቡ ደግሞ መውጣት የለም። ዋጫ ከተማ ያለችው ልጃቸው አበዛሽ እኔ በመጣሁ ሳምንት እዚህ ድረስ መጥታ አለቀሰች፤ አባቴ ጫካ ውስጥ ሞቶ ሊገኝ ነው አለችኝ። የቢሮ ኃላፊያችን አቶ ኃይለመስቀልም «ሰብሌ፣ ለአስራ አምስት ቀን አንቺ ተረከቢያቸው፣ ተተኪ እልካለሁ» አሉኝ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ፊቴ ቆመዋል። እንዴት እምቢ ልበል? ይሉኝታ ገደለኝ እትዬ።

ስልሳ ሦስት ዓይነት ዕቃ ነው የፈረምኩት፤ ከጎሽ ራስ እስከ ማንካ። ተተኪ የተባለው ሁሉ ስሙ ሲጠራ ይታመማል። ጥዬ ብወጣ ተጠያቂ ነኝ፤ ክሊራንስ አላገኝም። ያለ ክሊራንስ ደግሞ የትም መሥሪያ ቤት በር አያስገባኝም፤ ልጄን በምን ላሳድጋት? ቁልፉን በክር አስሬ አንገቴ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ስልሳ ሦስቱን ዕቃ እየዞርኩ እቆጥራለሁ። ጭጋጉ እስከ አምስት ሰዓት አይገፈፍም። በሩ በእርጥበት አብጦ ለመክፈት በትከሻዬ ነው የምገፋው።

የጠፋው አንድ ሜትር ከሰባ ግን ተገኘ። ለጋሽ ከፈለኝ ብነግራቸው ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። «ስትፈልጊ የሰነበትሽው እኔን ነዋ!» አሉኝ። ከጓሮ በኩል፣ የማገዶ ክምር ጀርባ፣ ከወገቤ ትንሽ ከፍ የምትል በር አለች። ከእሳት ማሞቂያው ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል ታስገባለች። ወደ አዳራሹ መግቢያ የላትም፤ ሳህን የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ። ዱካ የሚመሩት፣ ጎሹን የሚያገኙት፣ እዚያ ነበር የሚያድሩት። ጋሽ ከፈለኝ ማንጆ ናቸው፣ የዚህ አገር አዳኝ ጎሳ፤ ከእነሱ ጋር መብላት እንደ ነውር ይታይ ነበር። ጌቶቹ ከድንጋዩ በዚህ በኩል ይሞቃሉ፣ እነሱ በዚያ በኩል። አንዱ እሳት ለሁለቱም። ቤቱን የሠራው ሰው ይሄን አስቦ ነው የሠራው፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ጋሽ ከፈለኝ ሃምሳ ዓመት ቁልፉ በእጃቸው ሆኖ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ እዚያች ስርቻ ውስጥ ነው ያደሩት። አዳራሹን ይጠርጋሉ፣ ይወጣሉ። አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጡበትም። ለምን ብላቸው «የእኔ አይደለማ» አሉኝ። ከርክክቡ በኋላ ዋጫ ሄዱ፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። አርባ ምንጭ ላለው ቢሮ የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። አድራሻዬን ያንቺ ቤት ብያለሁ፤ አንቺ እየሄድሽ ተከታተይልኝ። እነሱ ተቀብለናታል ብለው ከጻፉ አቶ ኃይለመስቀል በግድም ቢሆን ተረካቢ እመድባለሁ ብለው ምለውልኛል። ከዚህ የሚያወጣኝ ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ሰብሌ

—

አርባ ምንጭ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

በጌታ ስም ሰላም ላንቺ ይሁን። ደህና ነን።

ቢሮው ሄጄ ነበር። ገና ነው። እየተከታተልኩ ነው።

ሃሌሉያ ሥዕል ሥላልሻለች፤ ከደብተሯ ገንጥላ ያንቺ ቤት ነው ብላኛለች። እነሆ ልኬልሻለሁ። ለጥያቄሽ፣ አዎ፣ እንቁላል ትበላለች።

በዛወርቅ

—

ጌሻ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ በዛወርቅ፣

ሥዕሉ ደረሰኝ። ጭስ አለው፣ መስኮት አለው፣ ጣሪያው ላይ ጉሬዛ የሚመስል ነገር ተቀምጧል። በር ግን የለውም። ለምን በር እንዳልሣለችለት እስኪ ጠይቂልኝ።

ከዚያ ገለበጥኩት። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ነው እንዴ የገነጠለችው? «ሃሌሉያ ኢሳያስ፣ ኬጂ 1» ይላል። የጋሽ ኢሳያስ ጽሕፈት ነው፤ በሠርግሽ ካርድ ላይ የማውቀው ጽሕፈት።

ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ቆሜ አነበብኩት። ዮናታንስ የት ሄደ? ሰውየው ሞተ እንጂ ከልጁ ስም ላይ ተፋቀ እንዴ? ለዚህ ነው አትደውዪ ያልሽኝ? ለዚህ ነው ድምፄ የሚያስርባት? እኔ እዚህ የሰው ማንካ ስቆጥር አንቺ እዚያ የልጄን ስም ትለውጫለሽ? ጋሽ ከፈለኝ ላልተመለሰ ሰው ሃምሳ ዓመት ቤት ጠብቀው አንድ ማንካ አልጎደለም። እኔ በእናቴ ልጅ እጅ ልጄን አራት ወር አስቀምጬ ስሟ ጎደለ። አደራ በላ! ይኸው አልኩሽ፤ ተሳስቼም አይደለም።

ያንቺ ደብዳቤ ደግሞ ስትዋሺ ያጥራል፤ እኔም አውቅብሻለሁ። የዝውውሩን ነገር እንደ ሰው ጻፊልኝ። ሄድሽ? ማንን አገኘሽ? ምን አሉሽ?

እዚህ ሆኜ ምንም ማድረግ አልችልም። መሮጥ እንኳ አልችልም፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ሰብሌ

—

አርባ ምንጭ
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰብሌ፣

አደራ በላ አልሽኝ። እናታችን ስታርፍ አንቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ጸጉርሽን ማን እንደሠራልሽ፣ ዩኒፎርምሽን ማን እንዳጠበ ሌላ ሰው ይንገርሽ። እኔ አልነግርሽም።

ስለ ስሙ እነግርሻለሁ። ሊያስመዘግባት የሄደው ኢሳያስ ነው። የልደት ወረቀቷ ቦንጋ ካንቺ ሻንጣ ውስጥ ነው። መዝጋቢዋ ቀና ብላ «አባቷ ነዎት?» አለችው። ሃሌሉያ ጣቱን ይዛ ቆማለች። በሕይወቱ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን ዝም አለ። ሴትዮዋም ጻፈች። ቤት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ «በዛ፣ ኃጢአት ሠራሁ» አለኝና ደብተሩን ሲለብጥ ደግሞ ያንኑ ስም ጻፈው። እኔም አየሁት። አላረምኩትም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

በሩን ጠይቂልኝ ብለሽ ነበር፤ ጠየቅኋት። «በር ካለው ለምን አትመጣም?» አለችኝ።

ዝውውሩ ገና ነው።

በዛወርቅ

—

ጌሻ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

አፌ ይቆረጥ። ያን ደብዳቤ ዮሴፍ ይዞት ከሄደ በኋላ ተከትዬው እስከ ወንዙ ድረስ ሮጫለሁ፤ ሞተር ማን ይደርስበታል። ጸጉሬን ማን እንደሠራልኝ አልረሳሁም። ይቅር በዪኝ፤ ጋሽ ኢሳያስንም ይቅር በለኝ በዪልኝ።

ብቻዬን ቀረሁ ብዬሽ ነበር፤ አሁን እንኳ ብቻዬን አይደለሁም። ጋሽ ከፈለኝ ተመለሱ! ባለፈው ሳምንት በጭጋጉ ውስጥ በትራቸውን ይዘው ከች አሉ። ምነው ብላቸው ልጃቸው ቤት እንቅልፍ እንቢ ብሏቸው ነው። አበዛሽ የፎም ፍራሽ ገዝታላቸው፣ ክፍሉ ሰፊ፣ ምግቡ ሙሉ፤ ግን «ጀርባዬን የሚነካኝ ድንጋይ የለም» ይላሉ። ተመልሰው እዚያችው ስርቻቸው ገቡ። ቀን ቀን ቆጮ እየበላን ስለ ቤቱ ያጫውቱኛል። የአዳራሹ የፊት በር ለምን እንደዚያ ሰፊ እንደሆነ ታውቂያለሽ? የተገደለው ጎሽ ከነቀንዱ እንዲገባበት ነው። ሬሳ እንዲገባ ሰፊ፣ ዱካውን የመራው ሰው እንዲገባ ጠባብ። ይሄን ሁሉ በንድፉ ላይ ጻፍኩት። ስሜ ያለበት ምርጥ ሥራዬ ይሆናል፤ ማን እንደሚያነበው እንጃ።

አንድ ነገር ልንገርሽና አትሳቂብኝ። አዳራሹ በጣም ስለሚበርደኝ ሽማግሌው ዋጫ በነበሩ ጊዜ እኔም እዚያችው ስርቻ ነበር የምተኛው። አንድ ጠዋት ስነሳ በትንሿ በር ጎንበስ ብዬ ወጣሁ፤ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን በር መክፈት ትዝ እንኳ ሳይለኝ። ያኔ ፈራሁ። የሃምሳ ዓመቱ አጀማመር እንዲህ ሳይሆን አይቀርም አልኩ።

ስለዚህ ብዙ አሰብኩ። አምስት ወር አለፈ። አቶ ኃይለመስቀል ያለ ወረቀቱ ምንም ማድረግ አልችልም ብለዋል። ወረቀቱ ደግሞ፣ አንቺ እንደምትይው፣ ገና ነው። ከእንግዲህ የሚመጣም አይመስለኝም። ልጅ ደግሞ አይጠብቅም፤ ሃያ ድረስ ቆጥሮ ይተዋል። እስከ ፋሲካ ካልመጣ ስሟ እንዳለ ይሁን። ጋሽ ኢሳያስ አባት ይሁናት፤ አንቺንም እማዬ ትበልሽ። እኔ አክስቷ ሆኜ በዓል በዓል ልምጣ። ይሄን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። አንቺን ግን አምንሻለሁ። ከማንም በላይ አንቺን ነው የማምነው።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻ፣ ቢሮው ሄደሽ ጠይቂልኝ።

ታናሽሽ ሰብሌ

—

አርባ ምንጭ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብልዬ፣

ይሄንን በሹፌር አልላክሁትም። ኢሳያስ ራሱ ይዞት ቦንጋ ይመጣል፣ ለዮሴፍ በእጁ ይሰጠዋል። ከውስጡ ያለውን ወረቀት መጀመሪያ አውጪና አንብቢ፤ ከዚያ እኔን ማንበብ ካስጠላሽ ተዪው።

አየሽው? ቀኑን አየሽው? ታኅሣሥ 28። እኔ ፈርሜ የተቀበልኩት ጥር 5 ነው። ተቀብለውሻል እህቴ። ከተቀበሉሽ ሦስት ወር አለፈ። ጥር 13 «ገና ነው» ብዬ ስጽፍልሽ ወረቀቱ ፍራሼ ስር ነበር። የካቲት ላይ ስሰድብሽም እዚያው ነበር።

ምክንያት አለኝ ብዬ አይደለም የምነግርሽ። ጥር 4 ቀን ሃሌሉያን ሳጥባት ሳሙና ዓይኗ ገባ፤ ስትጮህ «እማዬ!» አለች። አንቺን መጥራቷ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዓይኗን ጠርጌላት ቀና ብላ አየችኝና ደገመችው፤ እኔን እያየች። አስራ አራት ዓመት የለመንኩት ቃል ነው ሰብልዬ። ወረቀቱን የሰጡኝ በማግስቱ ነው። በማግስቱ እኮ ነው! አንድ ሳምንት ብቻ ልያዘው አልኩ። ከዚያ አንድ ሳምንት። ኢሳያስ አያውቅም ነበር፤ ትናንት ስነግረው ከቤት ወጥቶ ሄደ፣ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ «ስጪኝ፣ እኔ እወስድላታለሁ» ብቻ ነው ያለኝ።

ብትሰድቢኝ ኖሮ እስከ ዛሬም አላወጣውም ነበር። አደራ በላ ስትዪኝ ልቤ ደነደነ። አምንሻለሁ ስትዪኝ ግን፣ እማዬ ትበልሽ ስትዪ፣ የፈለግኩትን ሁሉ በእጄ ስታስይዢኝ መያዝ አቃተኝ። ያንቺን ደብዳቤ ሁሉ አነብላት ነበር፤ ይሄኛውን ግን ማንበብ አልቻልኩም። «ምን አለች?» ብላ ጉልበቴ ላይ ወጣች። እመጣለሁ ብላለች አልኳት። እባክሽ ውሸታም አታድርጊኝ።

ወረቀቱ የሚያገለግለው አራት ወር ነው። እስከ ሚያዝያ 28 ካልቀረብሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እርገሚኝ ግን ፍጠኚ።

በዛወርቅ

—

ቦንጋ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫካ ውጪ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ስልክም ነበረኝ፤ መደወል አልፈለግኩም። ድምፅሽን ብሰማ ወይ እሰድብሻለሁ ወይ አለቅሳለሁ፣ ሁለቱንም አሁን አልፈልግም። ጋሽ ኢሳያስ ይሄንን ይዞልሽ ይመጣል። አስቢው፣ እኔን እየጠበቀ ሦስት ሳምንት እዚህ ቆየ፤ ያለሷ ቤት አልመለስም ብሎ። አሁን በግድ ነው ቀድሞኝ እንዲሄድ የገፋሁት፣ እኔ ክሊራንሴን ጨርሼ እከተለዋለሁ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት በረንዳው ላይ ነው። ረገምኩሽ። ደግሜ ረገምኩሽ። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አልኩሽ፤ ጉሬዛዎቹ ሳይቀሩ ሸሹ። ጋሽ ከፈለኝ ከታች ሆነው ሰሙኝ። ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን፣ ፍራሹን፣ ሦስት ወሩን። ከእኔ ጋር ይናደዱልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «እኔም አድርጌዋለሁ» አሉኝ።

በ1985 ዓ.ም. የጌታዬ ልጅ መጥቶ ነበር። ደካ ገበያ ላይ ሰው እየጠየቀ አገኛቸው። ጎልማሳ ሆኗል፣ ፊቱ ግን የአባቱ ነው አሉ። «ያ የአባቴ የአደን ቤት አሁንም አለ?» አላቸው። ጋሽ ከፈለኝ «ተቃጥሏል» አሉት። ሰውየው ገበያ መሐል ተቀምጦ አለቀሰ። እሳቸውም አብረውት አለቀሱ፤ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ። ሰውየው በመጣበት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። ሃምሳ ዓመት አደራ ጠበቁ ብዬ የጻፍኩልሽ ሰውዬ! «ለምን?» አልኳቸው። «ከሰጠሁት በኋላ ጠዋት ተነስቼ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው «እህትሽ ግን መልሳ ሰጠች። እኔ አልሰጠሁም» አሉ።

እትዬ፣ ይሄን የምነግርሽ ይቅር ብዬሻለሁ ለማለት አይደለም። ገና ተናድጃለሁ፤ ምናልባት እስከ ክረምት እናደዳለሁ፣ እወቂው። ግን ከዚያ በኋላ ልረግምሽ ብሞክር አፌ አልከፈት አለኝ።

ወረቀቱን ይዤ አቶ ኃይለመስቀል ዘንድ በዮሴፍ ሞተር ወረድኩ። «እሺ፣ በአንድ ወር ውስጥ ተረካቢ እልካለሁ» አሉኝ። የቀረኝ አስራ ሁለት ቀን ነበር፣ እሳቸው ወር ይላሉ! እዚያው ቢሮአቸው ወለል ላይ ቁጭ ልል ምንም አልቀረኝም። ተመልሼ ለጋሽ ከፈለኝ ስነግራቸው እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው» አሉ፣ ቁልፉን። አልሰጥም አልኩ። እርስዎን ለማስወጣት እኮ ነው የገባሁት፤ አበዛሽስ ምን ትለኛለች? «እኔ ከገባሁ ሃምሳ ዓመቴ ነው፣ የሚጠብቀኝ የአምስት ዓመት ልጅ የለኝም። አምጪው።» ዮሴፍ ወረቀቱን ቢወስድላቸው አቶ ኃይለመስቀል ተረካቢ እስኪገኝ በኮንትራት ይያዙ ብለው ፈረሙ፤ ለአንድ ወር። እኔም ለአስራ አምስት ቀን ነበር።

ስልሳ ሦስቱን ዕቃ አንድ በአንድ አስረከብኳቸው። ተረካቢ የሚለው ላይ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ከዚያ ንድፉን አምጪ አሉኝ። እያንዳንዱን ክፍል በጣታቸው እየነኩ ምን ብለሽ ጻፍሽ አሉ፤ አዳራሽ፣ የጌቶች መኝታ፣ ዕቃ ቤት። እሳቸው ክፍል ላይ ሲደርሱ ባዶ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጠራው ጠፍቶኝ ትቼዋለሁ። እዚያው ቆመው «የከፈለኝ ቤት» ብዬ ጻፍኩበት። ብዙ አዩት። ማንበብ ባይችሉም ሁለት ጊዜ በጣታቸው ዳሰሱት። ስወጣ የት እንደቆሙ ልንገርሽ? እዚያው በረንዳው ስር። አዳራሹን ይክፈቱት፣ እዚያ ይተኙ፣ እሳት ያንድዱ ብዬ ለምኜአቸዋለሁ። እሺ አሉኝ። እሺ ያሉኝ ግን እንድሄድ ብለው ነው። እኔ ወጣሁ፤ እሳቸው በእኔ ምክንያት ገቡ። ይሄንን ይዤ ነው የምመጣው፤ ተረካቢ እስኪመደብ ድረስ በየሳምንቱ አቶ ኃይለመስቀልን በስልክ ልጨቀጭቃቸው ምያለሁ።

ክሊራንሴ ነገ ያልቃል። ከነገ ወዲያ በተርጫ በኩል እነሳለሁ። ቤት እስክከራይ ካንቺው ጋር ነኝ፤ ሌላ ወዴት እሄዳለሁ። የልደት ወረቀቷን ይዣለሁ፤ ኬጂው ዘንድ ጋሽ ኢሳያስ ራሱ አብሮኝ ሄዶ ያስተካክላል፣ ቃል ገብቶልኛል። የደብተር መለበጫ ወረቀትም ገዝቻለሁ። ደብተሯን እንዳትነኪው፤ ሃሌሉያ ዮናታን ብዬ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት። አንቺን እማዬ ማለቷን ግን እንዳታስተዪያት። ለምዳዋለች፤ ላንቺም ይገባሻል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። የምመጣበትን ቀን አትንገሪያት። በሩን ሳንኳኳ አንቺ አትነሺ፣ ጋሽ ኢሳያስም አይነሳ። እሷ ትክፈትልኝ።

ሰብሌ